የጥይቴ ርዝመት አንድ አልሆን አለኝ፣ 308 ዊንቸስተር፣ እርዱኝ

አውሮራ_አዳኝ
ሰላም ቤተሰብ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተቀብሬ ጥይት ስሞላ (የተተኮሰ ቀለህን በአዲስ ባሩድና አረር መልሼ ስሠራ) ከረምኩ፣ ባለቤቴ አልጋህን እዚያው ላውጣልህ ወይ እስክትለኝ ድረስ። ነገሩ እንዲህ ነው። የምሞላው 308 ዊንቸስተር የሚባለው የጠመንጃ ጥይት ነው፣ ጠመንጃው ቦልት አክሽን፣ መዝጊያው በእጅ የሚሳበው ዓይነት። አረሩ 168 ግሬን (የክብደት መለኪያ ነው)፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው የዒላማ አረር። ፕሬሴ፣ ጥይቱን የሚገጣጥመው መጫኛ፣ አንድ በአንድ የሚሠራው ቀላሉ ዓይነት ነው። መትከያ ዳዩን፣ አረሩን ቀለሁ ውስጥ የሚያስገባውን የፕሬሱን ክፍል፣ 2.800 ኢንች ላይ አስተካክዬ ቆለፍኩት፣ ከዚያ በኋላ በእጄ እንኳን ሳልነካው አሥር ጥይት ሠራሁ። ካሊፐሩ (የርዝመት መለኪያው) ያለኝን በተራ እዩት፦

2.801፣ 2.796፣ 2.808፣ 2.799፣ 2.811፣ 2.794፣ 2.803፣ 2.797፣ 2.806፣ 2.792

ከአጭሩ እስከ ረጅሙ 19 ሺኛ ኢንች ልዩነት! አንዱማ ለ308 ከተቀመጠው ጣሪያ ከ2.810 አልፏል። ዳዩ ነው የተበላሸው? ፕሬሱ ነው? ወይስ እጄ ነው? ጥቅምት ላይ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን አለብኝ፣ እኔ ግን ገና ርዝመት ላይ ቆሜያለሁ።

ዳላስ_ከተማ
ቀላል ነው ወንድሜ። ቀለሁን አልከረከምከውም። ቀለህ ሲተኮስና በማጥበቢያ ዳይ ሲጠብ ይረዝማል፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሲሆን ጥይቱም እንደዚያው ይሆናል። ሁሉንም 2.005 ላይ ከርክምና ተገላገል።

አውሮራ_አዳኝ
ከርክሜያለሁ እኮ! ሁሉም ከ2.004 እስከ 2.006 ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነበር።

ጋሽ_ቶርኖ
ልጆች፣ ቀስ በሉ። ዳላስ፣ የልጅ ሐሳብ ነው ብዬ አልንቅህም፣ ብዙ ሰው እንዳንተ ያስባል። ግን ፕሬሱ ላይ ቆመህ እየው። የቀለሁ ግርጌ ሼል ሆልደሩ፣ ቀለሁን ከታች የሚይዘው ብረት፣ ላይ ተቀምጧል። ከላይ ዳዩ ውስጥ ያለው ስቴም፣ ገፊው ዘንግ ማለቴ ነው፣ አረሩን ወደ ታች ይገፋል። የጥይቱን ርዝመት የሚወስነው በነዚህ በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ነው። የቀለሁ አፍ ምንም አይነካም፣ ክሪምፕ ካላደረግህ፣ ማለት የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ ካልጨፈለቅህ በቀር። ስለዚህ ቀለሁ 5 ሺኛ ቢረዝምም ቢያጥርም አረሩ ከግርጌው የሚርቀው ያው ነው።

መከርከም የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው። ቀለሁ ከ2.015 ካለፈ አፉ ከቻምበሩ (በርሜሉ ውስጥ ጥይቱ ከሚቀመጥበት ቦታ) ጫፍ ጋር ይጋጭና አረሩን አንቆ ይይዘዋል፣ ያኔ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይጨምራል። ያ አደገኛ ነው። የዚህ ልጅ ችግር ግን እሱ አይደለም።

እኔ ቶርኖ ላይ 31 ዓመት ቆሜያለሁ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ እዚህ ቨርጂኒያ። ሥራው ከመጠርጠሩ በፊት መለኪያው ይጠረጠራል። አንዱን ጥይት ውሰድ። እሱኑ አንዱን አሥር ጊዜ ለካው። በየመሀሉ የካሊፐሩን መንጋጋ ዝጋና ዜሮ ላይ መመለሱን እይ። ውጤቱን እዚህ ጻፍልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዳይ እናወራለን።

ዳላስ_ከተማ
እሺ ጋሼ፣ ተምሬያለሁ 😅 ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ስናገረው የኖርኩት ነገር ነበር።

አዲስ_አንባቢ
እኔ አገር ቤት ነው ያለሁት፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጥይት በቤት መሥራት ይቻላል ማለት ነው??

አወያይ
እዚያ አይሞከርም ወንድሜ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ከመሣሪያና ከጥይት ጋር መነካካት እስር ቤት ያስገባል። ይህ ክር (ውይይት) የሚያወራው አሜሪካ ውስጥ በሕግ ስለተፈቀደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እዚህም ቢሆን ለራስ መሙላት ነው የተፈቀደው፣ ሠርቶ ለመሸጥ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለፈው በውስጥ መስመር «ለእኔም 200 ሙላልኝ እከፍልሃለሁ» እየተባባላችሁ የነበራችሁ ሰዎች፣ ተዉት።

አውሮራ_አዳኝ
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ትንሽ አፍሬያለሁ። ያንኑ አንድ ጥይት አሥር ጊዜ ለካሁት፣ ከ2.800 እስከ 2.804 ሲዋልል ዋለ። ሦስት ጊዜ ዜሮው 0.001 ላይ ተመለሰ። መንጋጋውን በጨርቅ ስጠርገው አንዲት የባሩድ ፍሬ ተለጥፋ አገኘሁ፣ ባትሪውንም ቀየርኩ። አሁን ደጋግሜ ስለካው ልዩነቱ ከ1 ሺኛ አይበልጥም።

ግን አሥሩን ጥይቶች እንደገና ስለካቸው አሁንም 17 ሺኛ ልዩነት አለ። ካሊፐሩ የሰረቀው ጥቂቱን ነው።

ጋሽ_ቶርኖ
ጥሩ። ጥቂትም ቢሆን ተቀንሷል። ስትለካ ደግሞ ጥይቱን አታጋድለው፣ ግርጌው መንጋጋው ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፍ። ጨብጠህ አትጭመቅ። 1 ሺኛ ኢንች ማለት 0.0254 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፀጉርህ የቀጠነ ነገር ነው የምትለካው። አውራ ጣትህ ብቻውን ያንን ያህል ይቀይረዋል።

የሚኒሶታዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ውድድር ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም። አውሮራ፣ ወንድሜ፣ ዳይህ አልተበላሸም። የምትለካው ቦታ ነው የተሳሳተው።

የቡና ሲኒ ገልብጠህ እንቁላል ላይ ድፋ። የሲኒው ከንፈር የት ነው የሚያርፈው? የእንቁላሉ ጉንጭ ላይ። የእንቁላሉ ጫፍ ሲኒው ውስጥ አየር ላይ ነው ያለው፣ ምንም አይነካም። መትከያ ዳይህም እንደዚያ ነው። ስቴሙ ጎድጎድ ያለ ነው፣ አረሩን የሚገፋው ጉንጩ ላይ ይዞ ነው፣ ኦጃይቭ የሚሉት ቦታ። አንተ ደግሞ የምትለካው ከግርጌ እስከ ጫፍ። ዳዩ ጉንጩን ሁልጊዜ እኩል ቦታ ቢያደርሰውም ከጉንጩ በላይ ያለው ጫፍ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ ካሊፐርህ ይህንን ልዩነት ነው የሚያሳይህ።

ጫፉ ቀዳዳ የሆነ የዒላማ አረር ደግሞ ጫፉ እኩል አይደለም። ሲሠራ መዳቡ ከታች ወደ ላይ ተስቦ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል፣ አፉ የተቆራረጠ ይሆናል። በማጉያ መነጽር እየው፣ ውሻ የበላው ይመስላል። ይህ የፋብሪካ ጥፋት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ለኢላማ ደግሞ ከጫፉ ይልቅ ግርጌው ነው ወሳኙ።

ሙከራው ቀላል ነው። ከካርቶኑ ያልተተከሉ አሥር አረሮች አውጣና ርዝመታቸውን ለካ፣ አረሮቹን ብቻ።

ሲያትል_ዝናብ
የሲኒው ምሳሌ 👏👏 እኔ ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አውሮራ_አዳኝ
እህቴ ተባረኪ። አሥር አረር ለካሁ። አጭሩ 1.208፣ ረጅሙ 1.220። ገና ሳይተከሉ 12 ሺኛ ልዩነት! ሦስት ቅዳሜዬን ማን ይመልስልኛል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ 12 ሺኛው ከአረሩ ከሆነ ጥይቶቹ ላይ ያለው 17 ለምን ሆነ? 5 ሺኛው ከየት መጣ?

የሚኒሶታዋ
ጎበዝ፣ ትክክለኛው ጥያቄ አሁን ነው የመጣው። ኮምፓራተር ግዛ። ካሊፐሩ መንጋጋ ላይ የምትታሰር ትንሽ ብረት ናት፣ ለ30 ካሊበር የሚሆን ቀዳዳ ያላት። አረሩ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ጉንጩ ላይ ይቆማል፣ ከግርጌ እስከ ጉንጭ ትለካለህ። የምታየው ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር አይመሳሰልም፣ የያንዳንዱ ኮምፓራተር ቀዳዳ ይለያያል፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ካየኸው ጋር እያነጻጸርክ አትደንግጥ። አንተ የምታወዳድረው የራስህን ከራስህ ጋር ነው።

ዳላስ_ከተማ
ኮምፓራተር እስኪመጣ ረጅሞቹን መልሰህ ዳዩ ውስጥ አስገባቸውና ትንሽ ጠንከር አድርገህ ግፋቸው፣ 2.800 እስኪሆኑ። ምን ይሆናል?

የሚኒሶታዋ
ዳላስ እባክህ 🙏 አሁን የተባባልነውን አንብብ። ጫፉ ረጅም የሆነውን አረር ጫፉን ከሌላው እኩል ለማድረግ ስትል ወደ ውስጥ ብታስገባው ጉንጩ ከሌሎቹ ይልቅ ጠልቆ ይገባል። ትክክል የነበረውን ጥይት አበላሸህ ማለት ነው። አረር ጠልቆ ሲገባ ደግሞ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። በ308 ትልቅ ቀለህ 10 ሺኛ ብዙ ለውጥ ላያመጣ ይችላል፣ እንደ 9 ሚሊ ሜትር ባሉ ትንንሽ የሽጉጥ ቀለሆች ግን ትንሽ መጥለቅ ግፊቱን ክፉኛ ይሰቅለዋል። በሌላ በኩል በጣም ወደ ውጭ ከወጣና ጉንጩ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር ከነካም ግፊቱ ይጨምራል። በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

ዳላስ_ከተማ
እሺ አፌን ዘጋሁ። ዛሬ ሁለተኛዬ ነው።

ጀማሪ_ነኝ
ይቅርታ፣ አረር፣ ጥይት፣ ቀለህ እያላችሁ ግራ አጋባችሁኝ። እኛ ቤት ሁሉም ጥይት ነው የሚባለው።

ጋሽ_ቶርኖ
ልክ ነህ ልጄ፣ በንግግር ሁሉም ጥይት ነው። እዚህ ግን እንለይ። ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረር። የናሱ ቤት ቀለህ። ውስጡ ባሩድ። ግርጌው ላይ መርፌው የሚመታት ትንሿ ክብ ፕራይመር። አራቱ ሲገጣጠሙ ጥይት።

ቀለህን እንደ ገንዘብ የሚያይ ሰው ደግሞ አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ (የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ) ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ገበያ ላይ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ሰው ቆጥሮ ነው የሚተኩሰው። ዛሬ መቶ ቀለህ ቆሻሻ ውስጥ የሚጥለውን ሰው አያቱ ቢያየው...

ሲያትል_ዝናብ
ኮምፓራተሩ እስኪመጣ እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። ጫፉ እርሳስ የሆነ ለስላሳ የአደን አረር ስሞላ ነበር። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ በየጥይቱ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። ዳዩን ፈትቼ ስቴሙን ሳወጣው ጉድጓዱ ውስጥ የእርሳስ ፍቅፋቂና የቀለህ ቅባት ተጠራቅሞ ጠንክሯል። ስቴሙ አረሩን በራሱ ጉድጓድ ሳይሆን በተጠራቀመው ቆሻሻ ይገፋ ነበር። በአሴቶንና በጥርስ እንጨት ጠረግኩት፣ አለቀ።

ስለዚህ ቁጥርህን በተራ ጻፈውና አካሄዱን እይ። በተራ እያጠረ ከሄደ ስቴሙ ውስጥ ቆሻሻ እየተጠራቀመ ነው። በተራ እየረዘመ ከሄደ የዳዩ ወይም የስቴሙ መቆለፊያ እየላላ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ወዲያና ወዲህ የሚዘል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ያንተ የሚዘል ይመስለኛል።

አውሮራ_አዳኝ
አዎ፣ ይዘላል። ስቴሙንም አውጥቼ አየሁት፣ ንጹሕ ነው።

የሚኒሶታዋ
አንድ ነገር ደግሞ ሞክር፣ ነፃ ነው። የአንድ አረር ጫፍና ጉንጭ በጥቁር ማርከር ቀባ። ይድረቅ። ከዚያ ትከለው። ካወጣኸው በኋላ ቀለሙ የተፋቀው የት ነው? ጉንጩ ላይ ቀለበት ከሆነ ስቴምህ ልኩ ነው። ጫፉ ላይ ከተፋቀ አረርህ ለስቴሙ በጣም ረጅምና ሹል ነው፣ ጫፉ የጉድጓዱን ጣሪያ እየመታ ነው። ያኔ ለረጅም አረር የሚሆን ሌላ ስቴም ማዘዝ አለብህ።

እና ጥይቱን ጆሮህ ጋ አስጠግተህ ነቅንቀው። ባሩዱ ሻካ ሻካ ይላል? የማይል ከሆነ ባሩዱ በአረሩ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። የተጨመቀ ባሩድ እንደ ሶፋ ትራስ አረሩን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ማታ 2.800 የነበረው ጠዋት 2.805 ሆኖ ታገኘዋለህ።

አውሮራ_አዳኝ
ማርከሩ፦ ጉንጩ ላይ ጥርት ያለ ቀለበት፣ ጫፉ አልተነካም። ንቅናቄው፦ ሻካ ሻካ ይላል፣ የአሥሩም። ልጄ ሰምታ «አባዬ ጸናጽል ገዛህ?» አለችኝ።

ጀማሪ_ነኝ
ስንት ግሬን ባሩድ ነው የምትጠቀመው? የባሩዱን ስም ብትነግረኝ እኔም ያንኑ ላድርግ።

ጋሽ_ቶርኖ
አይነግርህም፣ እኔም እንዳይነግርህ እጠይቀዋለሁ። የባሩድ ልክ ከመጽሐፍ ነው የሚወሰደው፣ በአረሩ ክብደትና በባሩዱ ዓይነት ለይቶ ከሚጽፈው ከአምራቹ መጽሐፍ። ከመነሻው ልክ ትጀምራለህ። የሰው ጠመንጃ የሰው ነው። እኔ የማውቀው ሰው ከጓደኛው የሰማውን ቁጥር ሞልቶ ቦልቱን በመዶሻ ነው የከፈተው። ዓይኑ መትረፉ ራሱ ዕድል ነው።

አውሮራ_አዳኝ
ኮምፓራተሩ መጣ!! ከግርጌ እስከ ጉንጭ፣ አሥሩም በተራ፦

2.195፣ 2.194፣ 2.201፣ 2.196፣ 2.203፣ 2.195፣ 2.194፣ 2.196፣ 2.199፣ 2.195

ሰባቱ 2 ሺኛ ውስጥ ናቸው። እንደ ሰዓት። 3ኛው፣ 5ኛውና 9ኛው ግን ወጡ። ጫፍ ለጫፍ ስለካ አጭር የነበረው 10ኛው፣ ይሄ 2.792 የነበረው፣ እዚህ ፍጹም ልክ ነው! አጭር አልነበረም፣ ጫፉ ብቻ ነው አጭር። ያንን ነበር ልጥለው የነበረው።

አሁን ሦስቱ ምን ሆኑ?

የሚኒሶታዋ
ይኸው፣ 5 ሺኛው ሌላ ቦታ ተደብቆ ነበር። ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የነዚህ ሦስት ቀለሆች ግርጌ ላይ የተጻፈው ማህተም ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው? ሁለተኛ፣ ስትተክላቸው እጀታው ላይ ከሌላው የከበደ ነገር ተሰምቶህ ነበር? ሦስተኛ፣ ቀለሁን በምን አጠብከው?

ጋሽ_ቶርኖ
አራተኛ እኔ ልጨምር። ጣትህን በግርጌው ላይ አሳልፍ። ፕራይመሩ ጎልቶ ወጥቷል? ካሊፐሩ የሚያርፈው ግርጌው ላይ ነው ብለን ነው የምናስበው፣ ፕራይመሩ ከወጣ ግን የሚያርፈው ፕራይመሩ ላይ ነው። ርዝመቱ የውሸት ነው የሚሆነው። ፕራይመር ከግርጌው 3 እስከ 5 ሺኛ ገባ ማለት አለበት።

አውሮራ_አዳኝ
ጋሼ እርስዎ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ካሜራ ተክለዋል እንዴ? 9ኛው ፕራይመሩ ወጥቷል! በዓይን አይታይም፣ በጣት ግን ያደናቅፋል። ጠረጴዛ ላይ ሳቆመው ራሱ ትንሽ ይወዛወዛል። አሁን ፕሬሱ ላይ መልሼ ልጫነው?

ጋሽ_ቶርኖ
አይሆንም!! የተሞላ ጥይት ነው። ባሩድም አረርም ውስጡ አለ፣ ፕራይመር ደግሞ ሲጫኑት የሚፈነዳ ነገር ነው። መጀመሪያ አረሩን ንቀል፣ ባሩዱን አፍስስ፣ ከዚያ ቀለሁን ለብቻው። በመዶሻ መልክ የተሠራው መንቀያ አለህ? ዓይንህን በመነጽር ሸፍን። ፕራይመሩን ደግሞ ጣለው፣ ሳንቲም ነው ዋጋው። የወጣ ፕራይመር ያለበትን ጥይት ጠመንጃ ውስጥ አታስገባ፣ ቦልቱ ሲዘጋ ሊመታው ይችላል።

ከዚያ ለምን እንደወጣ እይ። የፕራይመሩ ጉድጓድ ውስጥ ጥቀርሻ ይኖራል፣ ወይ ደግሞ የወታደር ቀለህ ከሆነ የጉድጓዱ ከንፈር ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ (ክሪምፕ ሆኖ) ይሆናል፣ እሱ ካልተነሣ ፕራይመሩ አይገባም።

አውሮራ_አዳኝ
እሺ፣ አልነካሁትም፣ እጄን ሰበሰብኩ።

የእህቴ ጥያቄዎች፦ 3ኛውና 5ኛው ማህተማቸው ሌላ ነው! ተኩስ ሜዳ ላይ ከመሬት ለቅሜያቸው ነው፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሱ አላውቅም። የቀሩት ደግሞ አዲስ ከገዛሁት ካርቶን ናቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሱ። እጀታው፣ አዎ፣ አሁን ስታነሺው ትዝ አለኝ፣ 5ኛው ላይ ሲጥጥ ብሎ ጮኸ። ያጠብኩት ደግሞ በውሃ፣ በዕቃ ሳሙናና በማይዝግ ብረት መርፌዎች ነው፣ ወርቅ መስለው ነው የወጡት።

የሚኒሶታዋ
ወርቁ ነው የጎዳህ 😂

ናስ በተተኮሰና በጠበበ ቁጥር ይጠነክራል። የደነደነ አንገት አረሩን አጥብቆ ይይዛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዳዩ ሲወጣ ይመለስና ያልተስተካከለ አያያዝ ይይዛል። በዚያ ላይ በመርፌና በሳሙና ስታጥበው የአንገቱ ውስጥ ያለው ጥቀርሻ ሁሉ ይወጣል። ያቺ ጥቀርሻ ጥሩ ቅባት ነበረች። አሁን ደረቅ መዳብ ደረቅ ናስ ላይ እየተፋቀ ነው የሚገባው፣ ጩኸቱ እሱ ነው። ኃይል ሲጠይቅ ፕሬሱ ትንሽ ይለጠጣል፣ እጀታውም ሙሉ በሙሉ ታች የደረሰ ይመስልሃል። 6 ወይም 8 ሺኛ እዚያ ይቀራል።

አሁን የምታደርገው ይህን ነው። ከመሬት የለቀምካቸውን ለብቻ አድርግ፣ አትቀላቅል። ከአዲሶቹ ጋር አንድ ጊዜ አትሞላቸው። የአንገቱን አፍ በቻምፈር መሣሪያ ውስጡን ትንሽ ለስለስ አድርገው፣ ሁለት ዙር ብቻ፣ እርሳስ እንደመቅረጽ አታድርገው። ደረቅ ግራፋይት ወይም ሚካ ዱቄት ውስጥ አንገቱን ነከር አድርገህ አራግፍ፣ ፈሳሽ ቅባት አይደለም፣ ፈሳሽ ባሩዱን ያበላሻል። ስትተክል በሁለት ጊዜ ትከል፣ ግማሽ ግፋ፣ ጥይቱን በእጅህ ግማሽ ዙር አዙረው፣ ከዚያ ጨርሰው። እጀታው ታች ሲደርስ አንድ ሰከንድ ያዘው።

እነዚያ የተለቀሙትን ከወደድካቸው አንገታቸውን በእሳት አለስልስ፣ አኒል ማድረግ ነው። ያ ግን ሌላ ክር ነው፣ እዚህ አንጀምረው፣ ሰው የቀለሁን ግርጌ አብሮ ያለሰልስና አደጋ ያመጣል።

ሲያትል_ዝናብ
ለአደኑ ይህንኑ 168 አረር ነው የምትጠቀመው? የዒላማ አረር ለኤልክ አይሆንም፣ እንደ አደን አረር እንዲከፈት ተብሎ አይደለም የተሠራው።

አውሮራ_አዳኝ
አይ አይ፣ ይህ ለልምምድ ነው። ለአደኑ ሌላ አለኝ፣ 180 ግሬን፣ ለሱ ዳዩን እንደገና ነው የማስተካክለው። ገባኝ አሁን፣ የጉንጩ ቅርጽ ስለሚለይ ያው ቁጥር አይሠራም።

የሚኒሶታዋ
በትክክል። እና ለሱ ስታስተካክል ጫፍ ለጫፍም ለካ፣ ለካዝናው (ጠመንጃው ውስጥ ጥይቶቹ ለሚደረደሩበት) ስትል። ካዝናው ጉንጭ አያውቅም፣ ጫፉ ከፊት ግድግዳው ጋር ከተጋጨ ተጋጨ ነው። ከአሥሩ ረጅሙን ፈልገህ ካዝናው ውስጥ አስገብተህ በቦልቱ እየሳብክ ሞክር፣ ከመውጣትህ በፊት፣ ተኩስ ሜዳ ላይ። ኤልክ ፊት ለፊትህ ቆሞ አይደለም የምትሞክረው።

አውሮራ_አዳኝ
ሳምንቱ አለፈ፣ ዘገባ ይዤ መጣሁ።

ሦስቱን ጥይቶች ነቀልኳቸው፣ በመዶሻው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት። ጎረቤት በሩን አንኳኳ፣ ምን እየሰበርክ ነው ብሎ። የ9ኛው ፕራይመር ጉድጓድ ውስጥ አንዲት የማጠቢያ መርፌ ግማሿ ተሰብራ ተጋድማለች! ፕራይመሩ እሷ ላይ ነው የተቀመጠው። አሁን እያንዳንዱን ጉድጓድ በባትሪ እያየሁ ነው።

ከዚያ ሃያ ሠራሁ። ሁሉም አንድ ማህተም፣ ግራፋይት፣ ሁለት ጊዜ እየገፋሁ። ከግርጌ እስከ ጉንጭ ከ2.194 እስከ 2.196። ሃያውም! ጫፍ ለጫፍ ስለካቸው ደግሞ አሁንም 11 ሺኛ ይዘላሉ፣ ግን ዐይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። ረጅሟ ራሷ ከ2.810 በታች ነች።

100 ያርድ ላይ በፊት አምስት ጥይት 1.6 ኢንች ነበር የሚበተነው። አሁን 1.1።

ዳላስ_ከተማ
እንኳን ደስ ያለህ! በሚቀጥለው 0.5 ትገባለህ።

የሚኒሶታዋ
ከ1.1 ውስጥ ግማሹ ያንተ ትከሻ ነው ወንድሜ፣ ቀጥሎ እሱን እናስተካክላለን 😄 ግን ጥሩ ሥራ ነው፣ እውነቴን ነው። ከመጀመሪያው ቁጥሩን በተራ ስለጻፍከው ነው የተፈታው፣ «ይዘላል» ብቻ ብትለን ኖሮ እስካሁን ዳይ እያስቀየርንህ ነበር።

ጋሽ_ቶርኖ
ያቺን መርፌ አትጣላት። ጠረጴዛህ ላይ በፕላስተር ለጥፋት።

አውሮራ_አዳኝ
ለጥፌያታለሁ ጋሼ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር፣ የባሩድ ሚዛኔ ያንኑ ልክ ሁለት ጊዜ ስመዝነው 0.3 ግሬን ይለያያል። ማሞቂያው ሲነሳ ይብሳል መሰለኝ...

ጋሽ_ቶርኖ
አዲስ ክር ክፈት። እና መጀመሪያ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ መዝን።